ታሪካዊ ልቦለድ አንብበው የተሰማዎትን እንዴት ይጽፋሉ? እንዴትስ ይወያዩበታል? ለወሎ አንባቢያን የተዘጋጀ መመሪያ

ወሎ ውስጥ ታሪካዊ ልቦለድ ማንበብ ሌላ ልቦለድ እንደማንበብ አይደለም። መጽሐፉ መቅደላን ካነሳ አምባው እዚሁ ነው። ውጫሌን ካነሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚሄድ አውቶቡስ መሀሏን አቋርጦ ያልፋል። ቦሩ ሜዳን ካነሳ ከደሴ ወጥተው ወደ ሐይቅ ሲያቀኑ የሚያገኙት ሜዳ ነው። ሰገሌ ሸዋ ውስጥ ቢሆንም ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ተሰልፎ የወደቀው ሰው ከየቤታችን የወጣ ነው። ስለዚህ የእኛ አካባቢ አንባቢ መጽሐፉን ሲከፍት አያቱ የነገሩትን፣ በለቅሶ ቤት የሰማውን፣ በመንዙማ የተዜመውን አስቀድሞ ይዞ ነው።

ይህ ሀብት ብዙ ጊዜ ይባክናል። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው «እንዴት ነው?» ሲባል ወይ «ደስ ይላል» ብሎ ያልፋል፤ ወይ «እንዲህ አልነበረም፣ ተዋሽቷል» ብሎ ክርክር ይከፍታል። በሁለቱ መካከል መጽሐፉ እሱን ምን እንዳደረገው ሳይነገር ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ራሱም ይረሳዋል።

የዚህ መመሪያ ሐሳብ አንድ ነው። የተሰማዎትን አስቀድመው ይጻፉ፤ የታሪኩን እውነትነት ከዚያ በኋላ ይመርምሩ፤ ምርመራው የፈለገውን ቢያሳይ የመጀመሪያውን ስሜት አይሰርዙት። በዚህ ቅደም ተከተል አጥብቄ አምናለሁ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም ሰው መጀመሪያ አጣርቶ ቀጥሎ ሊሰማው ሲሞክር፣ የሚጽፈው የሌሎች ሰዎችን አስተያየት ነው።

የሚያስፈልግዎት ጥቂት ነው። አንድ ደብተር፣ እርሳስ፣ ከአሮጌ ወረቀት የተቀደዱ ቀጫጭን ቁራጮች፣ መጽሐፉ፣ እና ከተቻለ ዘመኑን ያየ ወይም ካየው ሰው የሰማ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት።

ደረጃ 1፦ መጽሐፉን ከመክፈትዎ በፊት ከቤት ይዘው የመጡትን ይጻፉ

ግማሽ ገጽ ይበቃል። ስለ ዘመኑ ምን ያውቃሉ? ከማን ሰሙት? ቤተሰብዎ ለማን ያደላ ነበር? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልሱ ማንበብ አይጀምሩ።

መጽሐፉ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ነው እንበል። በትምህርት ቤት ያወቅናቸው ቴዎድሮስ የተበታተነች አገር የሰበሰቡ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉ ንጉሥ ናቸው። በወሎ ቤቶች ግን ሌላም ነገር ይነገራል። ወሎ ላይ ደጋግመው ዘምተዋል፤ የመኳንንቱን ልጆች በመያዣነት መቅደላ ላይ አስረዋል። የወሎዋ ገዥ ወርቂት ልጃቸው አመዴ እዚያው ታስሮ ሳለ፣ በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከአምባው አምልጠው ወደ ወርቂት ግዛት ገቡ። ወርቂት ምኒልክን አሳልፈው አልሰጡም፤ ወደ ሸዋ እንዲሻገሩ ለቀቋቸው። ቴዎድሮስም አመዴን ገደሉት። ይህን እየሰማ ያደገ አንባቢና ቴዎድሮስን በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ አንዱን ገጽ አንድ ዓይነት አድርገው ሊያነቡት አይችሉም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግን የትኛው እንደሆኑ አስቀድመው ለራስዎ ማወቅ አለብዎት።

መጽሐፉ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የሚነካ ከሆነ ይህ ደረጃ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የቤተ ክርስቲያኑን የውስጥ ክርክር ዘጉ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሆኑ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ እምቢ ብለው በአመፅ ገፉ። ወሎ ውስጥ ወንድምና ወንድም በሁለት ሃይማኖት ሆነው በአንድ ማዕድ የሚቀርቡበት ቤት ብዙ ነው። የአባቱ ስም እስላም የአያቱ ስም ክርስቲያን የሆነ አንባቢ ስለ ቦሩ ሜዳ ሲያነብ በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው። ይህን በመጀመሪያው ግማሽ ገጽ ላይ በግልጽ ያስፍሩት። ደብተሩ የእርስዎ ነው፤ ማንም አያየውም።

ደረጃ 2፦ ሲያነቡ ምልክት ያድርጉ፣ ንባቡን ግን አያቋርጡ

ሦስት ፊደላት ይበቃሉ። «ል» ልቤን ነካው ለማለት ነው፤ ያስለቀሰዎት፣ ያናደደዎት፣ ያሳፈረዎት፣ ያሳቀዎት ሁሉ እዚህ ይገባል። «ጥ» ጥርጣሬ ነው። «ቤ» ከቤት ከሰሙት ጋር የሚገጥም ወይም የሚጋጭ ነው። መጽሐፉ የእርስዎ ከሆነ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ የተዋሱት ከሆነ በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፈው በገጹ መሀል ያስገቡ።

«ጥ» ያሉበትን ቦታ ወዲያው ለማጣራት ስልክዎን አያንሱ። አጣርተው ሲመለሱ ገጸ ባሕሪዋ ጥላዎት ሄዳ ያገኟታል።

የዘለሉትን ገጽም ምልክት ያድርጉበት። በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ጦርነት በደጁ ያለፈ የወልዲያ፣ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው ከተማ ሲያዝ፣ ሕዝብ ሌሊት ሲሰደድ የሚያሳይ ምዕራፍ ሲደርስ ቶሎ ቶሎ ገልብጦ ቢያልፍ አይፈረድበትም። የማንበብ ግዴታ የለበትም። ነገር ግን «ገጽ 88ን አላነበብኩትም» ብሎ መጻፉ ራሱ ሙሉ ምላሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተነበቡት ገጾች ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ደረጃ 3፦ በዚያው ምሽት፣ ማንንም ሳያናግሩ ይጻፉ

መጽሐፉን እስኪጨርሱ አይጠብቁ። «ል» ካደረጉባቸው ቦታዎች መካከል አንዱን፣ ከሁሉ የበረታውን መርጠው በዚያው ቀን ይጻፉበት። አራት ነገሮች ይኑሩት፤ ገጹ፣ በገጹ ላይ የሆነው ነገር፣ እርስዎ ላይ የሆነው ነገር፣ እና ለምን እንደሆነ የሚገምቱት።

ብዙ አንባቢ የሚጽፈው የሚከተለውን ይመስላል፦

«መጽሐፉ እጅግ በጣም ማራኪ ነው። ደራሲው የሕዝባችንን ታሪክ በሚገባ ገልጾታል። ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ተምሬአለሁ። ሁሉም ሰው ሊያነበው ይገባል።»

በዚህ ውስጥ አንባቢው የለም። ይህ አስተያየት ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናል። ለምሳሌነት ያዘጋጀሁትን የሚከተለውን ደግሞ ይመልከቱ፦

«ገጽ 143። እናቲቱ ልጇ መገደሉን የሚነግራት መልእክተኛ ይመጣል። ደራሲው እሱን አስገብቶ በሩን ይዘጋና ወደ ጦር ሰፈሩ ይወስደናል። ተናደድኩ። ሦስት ገጽ ያህል ስለ መድፍ ሳነብ ልቤ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። አያቴ በክፉ ቀን የሞተባትን ልጅ ስሙን የምትጠራው ወፍጮ ላይ ተደፍታ ስትፈጭ ብቻ ነበር፤ ድንጋዩ ድምፅዋን ስለሚውጠው። ልጆች ሆነን ዘፈን ይመስለን ነበር። ደራሲው በሩን የዘጋው ለእናቲቱ ክብር ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ገብቼ አጠገቧ መቀመጥ ፈልጌ ነበር።»

እዚህ ውስጥ መጽሐፉም አንባቢውም አሉ። ትችት አለበት፤ ግን ትችቱ ደራሲውን ለማዋረድ አልተጻፈም። አያት አለች፤ ግን መጽሐፉን አላስረሳችም። «እጅግ» እና «በጣም» የሉም። ወፍጮዋ ስላለች አያስፈልጉም።

ጽሑፉ አልመጣ ካለዎት እነዚህን ይጠይቁ። በየትኛው ገጽ ላይ ፈጠንኩ? ማን እንዲናገር ፈልጌ ሳይናገር ቀረ? ሳላስበው ለማን አዳላሁ? ከክፉው ገጸ ባሕሪ ጋር የተስማማሁበት ጊዜ አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ በታሪካዊ ልቦለድ ውስጥ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። መኳንንቱ ገበሬውን ሲዘርፉ አንብቦ ከመኳንንቱ ወገን ሆኖ ራሱን ያገኘ ሰው ስለ ራሱ ትልቅ ነገር አውቋል።

ደረጃ 4፦ አሁን «ጥ» ያሉባቸውን ያጣሩ

መጽሐፉ አልቋል፤ ስሜትዎም በደብተር ላይ ነው። አሁን ብቻ መርማሪ ይሁኑ።

ከቀላሉ ይጀምሩ፤ ከዘመን አቆጣጠር። ከውጭ መጽሐፍ የተወሰደ ዓመት በእኛው ሳይለወጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስከ እኛ መስከረም ላለው ጊዜ ስምንት ዓመት፣ ከመስከረም እስከ እነርሱ አዲስ ዓመት ላለው ደግሞ ሰባት ዓመት ይቀንሱ። የውጫሌ ውል በእነርሱ 1889 ሲሆን በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ተቀነሰ። ሰገሌ በእነርሱ 1916 ሲሆን በእኛ ጥቅምት 1909 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ተቀነሰ።

ቀጥለው ዕቃውንና ቦታውን ይዩ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ስለዚህ በቴዎድሮስ ዘመን መቅደላ አፋፍ ላይ ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያፏጨው ካነበቡ ስህተት ነው። ደሴ ከተማ ሆና የቆመችው ራስ ሚካኤል መቀመጫቸው ካደረጓት ወዲህ ነው፤ በ1850ዎቹ ደሴ ገበያ ወርዶ በቅሎ የሚገዛ ገጸ ባሕሪ ካለ እሱም ስህተት ነው። ወሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ የ1977ቱ ረሃብ ሲነሳ ስሟ የሚጠራው ኮረምም ያኔ በወሎ ሥር ነበረች። በማርትሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው መገበያየት ግን ለቴዎድሮስ ዘመን ትክክል ነው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ እስከ መቅደላ ድረስ መጎተቱ እውነት ነው፤ ልቦለድ ይመስላል እንጂ።

ያጣሩትን በሦስት ይክፈሉ። አንደኛው ስህተት ነው፤ እንደ ባሕር ዛፉ። ሁለተኛው ፈጠራ ነው። ወርቂት የልጃቸውን ሞት በሰሙ ጊዜ ምን ቃል እንደወጣቸው ደራሲ ቢጽፍ መብቱ ነው፤ ታሪካዊ ልቦለድ የሚጻፈውም የታሪክ መጽሐፍ ዝም ባለበት ቦታ ሰው እንዲናገር ነው። «ይህ በሰነድ የለም» ብሎ መክሰስ ልቦለድን ልቦለድ ሆነህ ተገኘህ ብሎ መክሰስ ነው።

ሦስተኛው ክርክር ያለበት ነው፤ ጊዜዎን የሚፈልገውም እሱ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ራሳቸው የማይስማሙበትን ነገር ደራሲው አንዱን ወገን ይዞ ከጻፈው ስህተት አይባልም፤ ወገን ያዘ ነው የሚባለው። የቴዎድሮስ ዜና መዋዕሎች እንኳ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። ደብተራ ዘነብ ንጉሡን እያደነቁ ጽፈዋል፤ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ጭካኔያቸውን አይደብቁም። የልጅ ኢያሱ ነገርም እንደዚሁ ነው፤ ከሥልጣን ባወረዷቸው ሰዎች ዘመን የተጻፈውና ወሎ ውስጥ የሚነገረው ለየቅል ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርሱ «ደራሲው የማንን አፍ ተውሶ ነው?» ብለው ይጻፉ። የአገር ቤቱ ወግም አፍ ያለው መሆኑን አይርሱ። አያትዎም ወገን ነበራቸው።

ምርመራው ሲያልቅ ወደ ደረጃ 3 ጽሑፍዎ ይመለሱና ከሥሩ ይጨምሩ። ለምሳሌ፦ «ገጽ 61 ላይ የባሕር ዛፉ ሽታ የልጅነቴን ሰፈር አስታውሶኝ አልቅሼ ነበር። ባሕር ዛፍ ያኔ እንዳልነበረ አሁን አውቄአለሁ። ያለቀስኩት ለራሴ ልጅነት ነበር ማለት ነው፤ ከመጽሐፉ ውስጥ ያየሁት የራሴን ሰፈር ነው።» ከላይ ያለውን አልሰረዘም። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ላይ ሲነበቡ ከማናቸውም ለብቻቸው ይበልጣሉ።

በነገራችን ላይ ስህተት ለመልቀም ብቻ የሚያነብ ሰው ያሳዝነኛል። ባሕር ዛፏን አገኘ፤ ሴትዮዋን ግን ሳያገኛት መጽሐፉን ዘጋ።

ደረጃ 5፦ «ቤ» ያሉትን ይዘው ወደ ታላቅ ሰው ይሂዱ

ይህ ደረጃ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በተለይ መጽሐፉ ስለ ረሃብ ከሆነ። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» ከወሎ ረሃብ ተነሥቶ አብዮቱን በሦስት ቅጽ የሚከተል ልቦለድ ነው። እሱን ያነበበ ወጣት እቤቱ ውስጥ ያንን ዘመን ያየ ሰው እያለ ሳይጠይቅ ቢቀር ያሳዝናል። እንደ ፖሊስ ቢጠይቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ክፉ ቀን እንደሆነ ይለዩ። የ1965ና የ1966ቱ አንድ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ሌላ ነው። አንዳንድ ሰው ሁለቱንም አይቷል፤ በትዝታውም ይደባለቁበታል። እርስዎ የሚያነቡት መጽሐፍ ስለ አንዱ ሆኖ የሚነግሩዎት ስለ ሌላው ሊሆን ይችላል። ሰባ ሰባት ከሆነ ሠፈራም አብሮ ይነሳል፤ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል የተጓዘ ዘመድ የሌለው የወሎ ቤት ጥቂት ነው፤ ያልተመለሰም አለ።

ሲጠይቁ ቁጭ ብለው፣ በአንቱታ፣ ከትንሽ ነገር ይጀምሩ። «እማማ፣ ረሃቡ እንዴት ነበር?» ቢሏቸው «ተወኝ ልጄ» ይሉዎታል፤ ልክ ናቸው። «መጀመሪያ የሸጣችሁት ምን ነበር? በሬው ነው ላሚቱ?» «ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር?» «ዘር አስቀርታችሁ ነበር?» ቢሏቸው ግን ይናገራሉ። ስለ ሥራ፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገድ ሲጠየቅ ሰው ኀዘኑን በራሱ መጠን ይቆርሳል። በመጠለያ እህል ለመቀበል መሰለፍን እንደ ውርደት ቆጥሮ ለልጆቹ ሳይነግር የኖረ ሰው አለ፤ እሱን በልጅ ልጆቹ ፊት አይጠይቁት።

ከመጽሐፉ የሞት ትዕይንት መርጠው ጮክ ብለው አያንብቡላቸው። ማንበብ ካለብዎት የመንገዱን፣ የገበያውን፣ የዝናቡን መቅረት የሚገልጸውን አንድ አንቀጽ ያንብቡና «እንዲህ ነበር?» ይበሉ። «የለም፣ እንዲህስ አልነበረም» ካሉ ሀብት አገኙ ማለት ነው። ጽፈው ይያዙ፤ መጻፍ ይፈቀድልኝ ብለው ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ በቡና ላይ ይሰብሰቡ

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ስብሰባ ይሆናል። ሁሉም መጽሐፉን ጨርሶ፣ ደረጃ 3ን ጽፎ ይምጣ፤ ያልጻፈ ሰው ይቀመጥ፣ ቡና ይጠጣ፣ ግን በመጀመሪያው ዙር አይናገር። ቀኑን ሲመርጡ ረመዳንንና ጾሞቹን ይዩ፤ ቡድኑ የተደባለቀ ከሆነ ቁርሱ ቆሎና ዳቦ ይሁን፣ ለሁሉም ይሆናል።

ወሎ ውስጥ ለውይይት የሚሆን ሥርዓት አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። ከምርቃቱ በኋላ፣ አሚን የሚለው አሚን፣ አሜን የሚለው አሜን ብሎ፣ ሦስቱን ዙር እንዲህ ይጠቀሙባቸው።

በአቦል እያንዳንዱ ሰው የጻፈውን ያነባል። መልስ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ «እኔም እኮ» የለም። የተጻፈ ነገር ሲነበብ ዝም ብሎ መስማት ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ አፍ ያለው አፍ የሌለውን እንዳይውጠው ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ዝምተኛዋ ልጅ ጮክ ከሚለው መምህር እኩል ጊዜ የምታገኘው በዚህ ዙር ብቻ ነው።

በቶና ጥያቄ ብቻ ይፈቀዳል፤ ጥያቄውም ስለተነበበው ጽሑፍ ይሁን። «የትኛው ገጽ ላይ ነው የተናደድሽው?» «አያትህ ያሉት ከመጽሐፉ በምን ይለያል?» «በሩ ባይዘጋ ኖሮ ምን ትጠብቅ ነበር?» «አይመስልህም ወይ» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ክርክር ነውና ለበረካ ይቆይ።

በበረካ ታሪኩ ይነሣል፤ ባሕር ዛፉ፣ ዓመቱ፣ የዜና መዋዕሎቹ አለመስማማት ሁሉ። ጠብ የሚመጣውም እዚህ ነው፤ መምጣቱ አያስፈራዎት። አንዱ «ይህ መጽሐፍ የኛን ሰዎች ሰድቧል» ቢል ቡናውን የሚመራው ሰው «ከየትኛው ገጽ ላይ ነው? አንብብልን» ይበለው። ገጹ ሲነበብ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ስድቡ በእውነት አለ፤ ያን ጊዜ ሁላችሁም አይታችሁታልና ስለ እሱ መነጋገር ይቻላል። ወይ ስድቡ የክፉው ገጸ ባሕሪ ንግግር ነው፤ ያን ጊዜ ደራሲውንና ገጸ ባሕሪውን መለየት እንዴት እንደሚቻል ሁሉም ይማራል። ቦሩ ሜዳ ከተነሣ ደግሞ አንድ ሕግ ይጨምሩ፤ ማንም «እናንተ» አይበል። ዮሐንስ፣ ሚካኤል፣ ሼህ ጦልሃ በስማቸው ይጠሩ። ቡና ላይ ከተቀመጡት መካከል በ1870 ዓ.ም. ያጠመቀም የተጠመቀም የለም።

በጦርነቱ የተጎዳ ሰው በመካከላችሁ ካለ የትኛው ምዕራፍ እንደሚነበብ ከቀኑ በፊት ይንገሩት። ተነሥቶ ቢወጣ አይከተሉት፤ ስኒውን ብቻ ያቆዩለት።

ደረጃ 7፦ ከተቻለ ወደ ቦታው ይሂዱ

ደሴ ያለ አንባቢ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ በእግሩ ሄዶ ማየት ይችላል። ውጫሌና ቦሩ ሜዳ በመኪና ይደረሳል። መቅደላ ሩቅ ነው፤ ዳገቱም የዋዛ አይደለም።

ቦታው የሚሰጥዎት ነገር ርቀትና ከፍታ ነው። ልቦለዱ «ከአምባው ወደ ሜዳው ተመለከተ» ሲል በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ እዚያ ሲቆሙ ግን መድፍ እዚህ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ በጉልበትዎ ያውቁታል። ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ገጽ እዚያው ያንብቡ፤ ከደረጃ 3 ጽሑፍዎ ሥር አራት አምስት መስመር ይጨምሩ። ፎቶግራፍ ከጽሑፉ በኋላ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ ሰው አይጽፍም።

ደረጃ 8፦ ለሌላ አንባቢ የሚሆን አንድ ገጽ ያውጡ

ደብተሩ ለእርስዎ ነው። ለሌላ ሰው የሚሰጠው ከዚያ ተመርጦ የሚወጣ አንድ ገጽ ነው። ከደረጃ 1 ሁለት መስመር ይውሰዱ፤ ማን እንደሆኑና ምን ይዘው እንዳነበቡ አንባቢው ይወቅ። ከደረጃ 3 ዋናውን ይውሰዱ፤ ከደረጃ 4 ያገኙትን አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ። የሽማግሌ ምስክርነት ካለበት ስማቸውን አይጻፉ፤ «የወረኢሉ ሰው» ወይም «የባቲ ነጋዴ የነበሩ እናት» ማለት ይበቃል፤ ያም ቢሆን በፈቃዳቸው። የመጽሐፉን መጨረሻ አይናገሩ። ቴዎድሮስ እንደሚሞቱ ሁሉም ያውቃል፤ የደራሲው ፈጠራ የሆነችው ልጅ ግን ትኑር ትሙት ማንም አያውቅም።

ደራሲው በሕይወት ካለ ገጹን በአሳታሚው በኩል ይላኩለት። «ገጽ 143 ላይ በሩን ዘግተህብኝ ነበር» የሚል ደብዳቤ የሚደርሰው ጸሐፊ በአገራችን ስንት አለ? ሙገሳ ይደርሰዋል፣ ስድብም ይደርሰዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይደርሰውም፤ ለሚቀጥለው መጽሐፉ የሚጠቅመው ደግሞ ይኸው ነው።

የገጹን ቅጂ በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ አስገብተው መጽሐፉን ለሚቀጥለው ሰው ያውሱ። የራሱን ጽፎ ሳይጨርስ እንዳያነበው አጥፈው በስቴፕለር ይምቱት፤ በላዩም ላይ «ደረጃ 3ን ከጨረስክ በኋላ የሚከፈት» ብለው ይጻፉበት።